የጥር ፊት

አቻምየለሽ ፊቷን ልትታጠብ የመታጠቢያ ቤቱን በር ስትገፋው አባቷ መስታወቱ ፊት ቆሞ ጉንጩን እየነፋ ነበር። ቀኙን ብቻ። እንደ ጎማ ከመነዳሪ አየር አጭቆ ይይዝና ወደ ጎን ዞር ብሎ ራሱን በዓይኑ ይለካል፤ ከዚያ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጉንጩም ፍስስ ብሎ ከድዱ ጋር ይጣበቃል። ግራው መነፋት አያስፈልገውም። ከጆሮው ሥር እስከ አገጩ በፋሻ ተሸፍኖ በራሱ ጊዜ አብጧል። ውጭው ገና አልነጋም፤ ከታች ከዋናው መንገድ የከባድ መኪና ፍሬን ሲተነፍስ ይሰማል።

"ምን እያደረግክ ነው አባዬ?"

"ልምምድ።"

"የምን ልምምድ?"

"የፊት ነዋ! ፊትህ ጎድሏል ብለው ቢመልሱኝስ?"

ልትስቅ ነበር፤ የሚያወራው ግን ስለ ማስኩ መሆኑ ገባት። ጥር ላይ ሆስፒታሉ የአባቷን ፊት ለክቶ ማስክ ሠርቶለታል። ማስክ ይበሉት እንጂ በኮሮና ጊዜ አገጫችን ላይ ያንጠለጠልነው ዓይነት አይደለም። በሙቅ ውኃ የለሰለሰ ነጭ የፕላስቲክ መረብ ነው፤ ፊት ላይ ይዘረጋና ሲቀዘቅዝ የሰውየውን ግንባር፣ አፍንጫና አገጭ ይዞ ይደርቃል። ጨረር በሚሰጥበት ቀን ያንኑ መረብ መልሰው ያለብሱትና ከአልጋው ጋር ይቆልፉታል፤ ጨረሩ በዓይንና በጆሮ አጠገብ ስለሚያልፍ ራስ ቅንጣት ታህል መነቃነቅ የለበትም። ስለዚህ ዛሬ የሚፈለገው የአባቷ የጥር ፊት ነው። ዛሬ ደግሞ ሚያዝያ እያለቀ ነው። ማስኩ አልገጥም ያለው ሰው ወደ ቤቱ እንደሚመለስ ባለፈው ቀጠሮ ኮሪደር ላይ የተቀመጠ አንድ ሽማግሌ ለአባቷ ሹክ ብሎታል፤ ኮሪደር ላይ የሚቀመጡ ሽማግሌዎች የማያውቁት ነገር የለም።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ክረምት በግራ ጉንጩ ላይ በወጣች ብጉር ነው። ብጉሯ መስቀል ሳይደርስ ሎሚ አከለች። ያየው ሐኪም መጀመሪያ የጠየቀው ምን ያህል ዘመን እንደነዳ ነበር፤ በጅቡቲ መንገድ ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሰው ግራ ጉንጩን ዕድሜ ልኩን ለመስኮቱ ፀሐይ ሰጥቶ እንደኖረ ያን ቀን ነው የገባቸው። ኅዳር ላይ ቆርጠው አወጡለት፣ ከታፋው ቆዳ ወስደው ለጠፉበት፤ ሐኪሙም "ይሄ ዓይነቱ የቆዳ ካንሰር ይቸኩላል፤ በሳምንታት ውስጥ ጨረር መጀመር አለበት፤ እኛም መቸኮል አለብን" አለ። የቸኮለው በሽታው ብቻ ሆነ። ተራ ተጠብቆ ጥር ላይ ማስኩ ተሠራ፤ ማስኩ በተሠራ ማግስት ማለት ይቻላል ማሽኑ ቆመ። የጎደለው ዕቃ ከውጭ አገር ነው የሚመጣው ተባለ። የካቲት አለፈ፣ መጋቢት አለፈ፣ ከጆሮው ሥር የተቆረጠው ነገር መልሶ አቆጠቆጠ፤ እነሱም ስልኩን ከነቻርጀሩ ሳሎን መሀል አስቀምጠው እንደ እንግዳ ያዩት ጀመር። ባለፈው ሰኞ ስልኩ ጮኸ። ማሽኑ ተሠርቷል፣ ሐሙስ ጠዋት ይምጡ። ዛሬ ሐሙስ ነው።

እናቷ ዲንቄ ከሰኞ ጀምሮ አልተቀመጠችም። ዛሬም ከሁሉም ቀድማ ተነስታ የገብስ ገንፎ አገንፍታ፣ መሀሉን ጎድጉዳ በቅቤ ሞልታ ባሏ ፊት አስቀመጠች፤ ልክ እንደ አራስ። አባቷ ገንፎውን አየ፣ ሚስቱን አየ፣ "ምን ወልጄ ነው?" አለ። እናቷ ሳትስቅ "ጉንጭ ውለድ" ብላ ማንኪያውን አስጨበጠችው። በላ። በግራ በኩል ማኘክ ስለማይችል በቀኝ እያንከባለለ፣ በየመሀሉ እያረፈ፣ አንድም ሳያስተርፍ በላ። ሦስቱም በማንኪያው ላይ አፍጥጠው ማንም ስለ ፊቱ አላነሳም። በዚያ ቤት ለታመመ ሰው ከሳህ አይባልም። ሸሚዙ አንገቱ ላይ እንደ ደወል ሲወዛወዝ "ዛሬ እንኳ ወዝ አለህ" ይባላል፤ የጋብቻ ቀለበቱ ሳህን ሲያጥብ ወልቆ ሲወድቅ "ሳሙናው ነው" ይባላል። በሁዳዴ መሀል ያ ሁሉ ሥጋ ከላዩ ላይ ሲሄድ እናቷ ማድ ቤት ገብታ አልቅሳለች፣ አቻምየለሽ ታክሲ ውስጥ አልቅሳለች፤ አንዷ ለሌላዋ ግን ቃል አልተነፈሰችም። በሽታው ነው የበላው ብለው ደምድመው ነበር። ስሙን ላለመጥራት ነው ዝም ያሉት።

እናቷን ቤት ትተው አባትና ልጅ ከአራተኛ ፎቅ እያረፉ ወረዱ። በደረጃው ግርጌ ያገኛቸው የብሎካቸው ጥበቃ ጂራታ ነው፤ ካፖርቱን እንደ ደረበ ከዱካው ብድግ ብሎ የአባቷን ፌስታል ከእጇ መነተፋትና እስከ አስፋልቱ ይዞላቸው ሄደ። "ጌታ ይርዳዎት ጋሼ፣ ጌታ ይርዳዎት፣ እኛም ሌሊቱን ስንጸልይልዎት ነው ያደርነው" ይላል፤ ሰውየው ጴንጤ ነው፣ ጸሎቱንም ምርቃቱንም ጮክ አድርጎ ነው። አቻምየለሽ ይሄ ሁሉ ፍቅር ከየት መጣ ብላ አየችው። ስድስት ዓመት ሲኖሩ የአንድ ኪሎ ሽንኩርት ፌስታል ተቀብሏት አያውቅም። ደግሞ ፊቱ እንዴት ወዝቷል! የሷ አባት ከስቶ እያለቀ የኮንዶሚኒየም ጥበቃ ጉንጭ ያወጣል። እግዜር ሥጋ ሲያከፋፍል አድራሻ ይሳሳታል ማለት ነው፤ አላለችም እንጂ ልትለው ነበር።

ሚኒባሱ ውስጥ አባቷ መስኮት አጠገብ ተቀመጠ። ባርኔጣውን ወደ ግራ አዘንብሏል፤ ፋሻውን እንዲሸፍንለት ነው፤ ሽታውን ግን ባርኔጣ አይሸፍንም። ሁለት ፌርማታ እንደሄዱ ከፊታቸው ያለችው ወይዘሮ የነጠላዋን ጫፍ አፍንጫዋ ላይ አድርጋ ዞር ብላ አየች፤ ደግማም አየች። አቻምየለሽ ይሄን ስትጠብቅ ነበር። "እናቴ፣ መስኮቱን ልክፈትልዎት ወይስ ረዳቱን ወራጅ አለ ልበለው?" አለቻት። ወይዘሮዋ ነጠላዋን አወረደች። አባቷ "ተይ" አለ፤ ዓይኑ ውጭ ነው። ቃሊቲ ሲደርሱ ከባድ መኪኖቹ ጥግ ይዘው ተሰልፈዋል፤ ሸራቸው አቧራ ለብሷል፣ ረዳቶቹ ከጎማው ሥር ተንጋለው ሻይ ይጠጣሉ። ከመስታወቱ ጋር ተጠግቶ አንድ በአንድ አያቸው። "ያ ተሳቢ ካምቢዮው ታሟል፤ ሲነሳ ሰማሽው?" አለ። አልሰማችም። "ይሄ ነገር ሲያልቅልኝ አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጭነትም አያስፈልገኝም፣ ሚሌ ድረስ ነድቼ ብመለስ። ሌሊቱ ሊነጋ ሲል እዚያ ሜዳ ላይ የሚነፍሰው ነፋስ አለ፤ ለሰው አይነገርም።" ግራ እጁ መስኮቱ ክፈፍ ላይ ወጥቶ ተቀምጧል፣ ልክ እንደሚነዳ ሰው። የሚኒባሱ ሹፌር ፍሪሲዮኑን ባንጓጓ ቁጥር ፊቱን ይቋጥራል፤ በሽታው እንዳይመስላት ብሎ "ልጁ እግሩ ከባድ ነው" ይላታል።

ሆስፒታሉ ሲደርሱ ኮሪደሩ ሞልቷል። ግድግዳውን ይዘው በተደረደሩት ረጃጅም ወንበሮች ላይ አንገቱ የተጠቀለለ፣ ጡቷን ይዛ የጎበጠች፣ ከክፍለ ሀገር ሌሊቱን ሲጓዝ አድሮ የሚያንጎላጅ ሰው አለ፤ ዳቦ የያዘ፣ ኮዳ የያዘ፣ ከትራሱ ጋር የመጣ። ከአባቷ ቀጥሎ የተቀመጠችው ሴትዮ ፍቅርተማርያም ትባላለች። አንድ እግሯን በካልሲ ጠቅልላ፣ ሌላው ላይ ጫማ አድርጋ፣ ሁለቱንም ወደ ፊት ዘርግታለች። ተረከዟ ላይ የወጣ ጥቁር ነጥብ ነው፤ ጫማ ነክሶኝ ነው ስትል ብሽሽቷ ድረስ ወጣ። ብሽሽቷ ተቀዶ ጨረር ታዞላታል፣ ልኬቱም አልቆላታል፤ ተራዋ ግን ገና ሩቅ ነው። ሳሪስ እህቷ ቤት ተጠግታ በየቀኑ ትመጣለች። የተጠራ ሰው ከቀረ፣ ቀጣዩ ሰው ከክፍለ ሀገር እስኪመጣ ማሽኑ ባዶውን ከሚቆም ኮሪደር ላይ ያለ ይገባል፤ ደንብ ሆኖ የተጻፈ ሳይሆን ሁሉም የሚያውቀው አሠራር ነው። "እርስዎ ዛሬ ነዎት አባባ?" አለችው። "ዛሬ ነኝ" አለ አባቷ፤ እንደ ሙሽራ ነው ያለው። "ታድለው!" አለችና ቶሎ ብላ ወደ ጫማዋ አቀረቀረች።

ስሙ ሲጠራ አቻምየለሽ እጁን ይዛ አብራው ገባች። ባለሙያው በዛብህ የሚባል አረንጓዴ ልብስ የለበሰ ልጅ እግር ነው፤ ዓይኑ ሥር ጠቁሯል፤ ማሽኑ ከተሠራ ወዲህ የቆመበትን ለማካካስ ከማለዳ እስከ ማታ እንደሚሠሩ ያስታውቃል። "ግቡ አባቴ፣ ባርኔጣውን ለልጅዎ ይስጧት" አለ። ክፍሉ ቀዝቃዛ ነው፤ ማሽኑ መሀል ላይ ክንዱን ዘርግቶ ቆሟል። አቻምየለሽን ያስደነገጣት ግን ማሽኑ አይደለም። በግድግዳው በኩል ባለው መደርደሪያ ላይ ነጫጭ ፊቶች ተደርድረዋል። ትልቅ አፍንጫ፣ ሰፊ ግንባር፣ የሕፃን የሚያክል ትንሽ አገጭ፤ ዓይን የላቸውም፣ ሁሉም ወደ ጣሪያው ነው የሚያዩት። በየግንባራቸው ላይ ስም የተጻፈበት ፕላስተር ተለጥፏል። ሰዎቹ በየቤታቸው ሲያብጡና ሲከሱ፣ እነዚህ እዚህ ሆነው አንድም ቀን ሳያረጁ ጠብቀዋል። በዛብህ ከመሀላቸው አንዱን አነሳ። ያባቷ ነው። ስሙን ሳታነብ ነው ያወቀችው፤ ያ ሙሉ ጉንጭ፣ ስትሳደብ ሲሰማት ሊስቅ ሲል የሚቋጠረው የአገጩ ሥር፣ ሁሉም አለ። እሷ ስትናፍቀው የከረመችው ፊት እዚህ መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ኖሯል። እጇን ልትዘረጋ ምንም አልቀራትም።

አባቷ ተጋደመ። በዛብህ ፋሻውን ፈታለትና መረቡን ወደ ፊቱ አወረደው፣ በግራ በኩል ቆም አለ፣ ቀስ ብሎ ገፋ፣ አባቷ በአፍንጫው ተነፈሰ፣ ቁልፉ አልያዘም። በቀኝ በኩል ደግሞ በመረቡና በጉንጩ መካከል ጣት የሚያሳልፍ ክፍተት አለ። ወዲያው ክፍተቱ ጠበበ። በዛብህ ጎንበስ ብሎ አየና "አባቴ፣ አይንፉት፤ እንደ ልብዎ ይተንፍሱ" አለ። አባቷ እንደ ነፋ ቆየ። ደረቱ ሲንቀጠቀጥ አቻምየለሽ ታያለች። "አባቴ…" አለ በዛብህ እንደገና፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። አየሩ ወጣ። ክፍተቱ ተመለሰ። በዛብህ ሐኪሟን ጠራ፤ መጣች፣ በጣቷ ለካች፣ አብጦ የተገፋውንም ነካች፤ ሁለቱ በእንግሊዝኛ ትንሽ ተነጋገሩ። ያኔ አቻምየለሽ አወቀች። ሰው ያልሆነለትን ነገር በእንግሊዝኛ ነው የሚነጋገረው።

"አባቴ፣ በጣም ከስተዋል" አለች ሐኪሟ። ከታመመ ወዲህ ይሄን ፊት ለፊት ያለችው የመጀመሪያዋ ሰው እሷ ናት። "መዋጥ ይቸግርዎታል? ያስመልስዎታል? እንደዚህ ከሆነ ምርመራ እናዛለን።"

"የለም፣ የለም" አለ አባቷ ከመረቡ ሥር ሆኖ። "ጾሜ ነው።"

"ምን?"

"ሁዳዴን። ማሽኑ እንዲሠራ ተስዬ ጾምኩ። ከቅባቱ ብቻ አይደለም፣ እስከ ማታ ውኃም አልቀመስኩ።" ከዚያም፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ "ተሠራ" አለ።

በዛብህ መረቡን አነሳለት። ፊቱ ላይ የመረቡ ምልክት በግራ በኩል ብቻ ቀርቷል፤ ፋሻውን መልሶ ሸፈነበት። ሐኪሟ ረጋ ብላ አስረዳቻቸው፤ በዚህ ማስክ ጨረሩ ያልሆነ ቦታ ሊያርፍ ይችላል፣ አዲስ ይሠራል፣ ዕጢውም ስለጨመረ ልኬቱና ስሌቱ ከነጭራሹ እንደ አዲስ ይወጣል፣ ከዚያ ይደወልላቸዋል። አቻምየለሽ "መቼ?" አለች። "ለልኬቱም ለጨረሩም ተራ አለ፤ ለማፋጠን እንጽፋለን፤ እንደውልላችኋለን።" "ተደውሎልን ነው እኮ የመጣነው! ማሽኑን በስልክ ነው እንዴ የምታስነሱት?" ሐኪሟ አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻል ነበር። በር ላይ ሲደርሱ አቻምየለሽ ዞር ብላ የጥር ፊቱን አየችው፤ በዛብህ ስሙን የያዘውን ፕላስተር እየላጠ ነበር። ምን ታደርጉበታላችሁ፣ ለኔ ስጡኝ ልትል አፏን ከፈተች፤ አላለችም። የት ታስቀምጠዋለች?

ኮሪደሩ ላይ ባርኔጣውን ራሱ ላይ አደረገችለትና ጀመረች። "ዶክተሩ አትጹም አላለህም?"

"ብሏል።"

"የንስሐ አባትህ ፈትቼሃለሁ አላሉህም?"

"ብለዋል። እሳቸው የፈቱኝ ለኔ ብለው ነው። እኔ የጾምኩት ለማሽኑ ነው።"

"እማዬ ጠዋት ጠዋት የምትከድንልህ እንቁላልስ?"

"ጂራታ።"

"ወተቱስ?"

"እሱም ጂራታ። እነሱ ጾም የላቸውም አይደል፤ ይጣል ታዲያ?"

"ለዚህ ነዋ ፌስታል ተሸካሚ የሆነው! የኛን ቤት ጉንጭ ለብሶ ነው እንዴ ደጃፋችን ላይ የሚቀመጠው?" ድምጿ ስለወጣ ሰው ዞረ። ሌላም ብዙ ነበራት። ሁዳዴን ሙሉ በሽታው እየበላህ መስሎን ስናለቅስ ከረምን ልትለው ነበር፣ ጾም ጉንጭን እንጂ ዕጢን አይቀንስም ልትለው ነበር፣ እኔና እማዬ ለአንተ ምንህ ነን ልትለው ነበር። አባቷ ቀስ ብሎ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ቆይ እስቲ አቻሜ፣ ማሽኑ ተሠራ አልተሠራም?" አላት። ተሠርቷል። አፏ ብዙ ሰው አሳፍሮ ያውቃል፤ ሳሪስ በምትሠራበት የመለዋወጫ ሱቅ ዋጋ ሊያስቀንሷት የሚመጡ ደላሎች ሲያዩዋት መንገድ ይቀይራሉ፤ ይህችን ጥያቄ ሰምታ ግን አጠገቡ ቁጭ አለች።

በዛብህ በሩን ከፍቶ "ፍቅርተማርያም" ብሎ ተጣራ። ሴትዮዋ ብድግ ብላ ጫማ ባደረገችው እግሯ ቆመች፣ ግን አልሄደችም። አባቷ ፊት መጥታ ነጠላዋን አስተካከለች። "ይቅር ይበሉኝ አባባ" አለች።

"ምን አጠፋሽ ልጄ?"

"ዛሬ አንድ ሰው እንዲቀር ስጸልይ ነው ያደርኩት። እርስዎን ግን አላልኩም፤ እመቤቴን እርስዎን አላልኩም።"

አባቷ ቀና ብሎ አያትና ሳቀ፤ ቀኝ ፊቱ ብቻ ነው የሚስቀው። "ቀረሁልሽ እንግዲህ፤ ግቢ። ዓይንሽን ጨፍነሽ ግቢ፤ ጥሩ ማሽን ነው" አለ። ሴትዮዋ እጁን ስማ እያነከሰች ገባች፤ ወፍራሙ በር ቀስ ብሎ ተዘጋ፣ ከላዩ ያለው ቀይ መብራት በራ። አቻምየለሽ ልትነሳ ስትል ክንዷን ያዛት። "ትንሽ እንቆይ። ድምፁን ልስማው።" ደህናውን ጆሮውን ወደ በሩ አዞረ። ውስጥ አንድ ነገር እምም ይላል፣ ያቆማል፣ ይዞራል፣ እንደገና እምም ይላል። ራሱን እየነቀነቀ ያዳምጣል፤ ከፈረሰ ሞተር አጠገብ አድሮ ሊነጋ ሲል ሲነሳለት የሚሰማው ደስታ ፊቱ ላይ አለ፤ ከዚያ ደስታ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር አለ፣ ጭነቱን ሌላ ሰው ይዞበት ሲሄድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሹፌር ዓይን። "ሚኒሞው ልክ ነው" አለ በመጨረሻ፣ ቆሞ የሚሠራ ሞተር ድምፅ እንደሚመዝን ሁሉ። "አይንተከተክም።" ቀይ መብራቱ እስኪጠፋ ተቀመጡ።

ስልኳ ኪሷ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ቆይቷል፤ እናቷ ናት። ደረጃው ላይ ሲደርሱ አነሳችው። "ገባ?" አለች እናቷ፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም። "አልገባም። ፊቱ አልገጠመም። እንደገና ይለካል፣ እንደገና ይደወላል።" መስመሩ ላይ የጎረቤት ሬዲዮ ይሰማል፣ የእናቷ ትንፋሽም ይሰማል። ስለ ጾሙ ልትነግራት አሰበችና ተወችው፤ ይሄ በስልክ የሚነገር አይደለም። እናቷ "ምሳ አብዪው" አለችና ዘጋች።

ሳሪስ ወረዱ። አቻምየለሽ የምታውቀው ከሱቃቸው ጀርባ ያለ ምግብ ቤት አለ፤ ሥጋው በር ላይ የተሰቀለ፣ ጠረጴዛው በላስቲክ የተሸፈነ፣ ዋጋው በየወሩ ግድግዳው ላይ እየተፋቀ የሚጻፍ። ጥብስ ለስላሳ አድርገው እንዲያበስሉላት፣ ሥጋውን አድቅቀው እንዲከትፉት፣ ቅቤውን እንዳይሰስቱ አስጠነቀቀች፤ አስተናጋጇ ታውቃታለች፣ "እሺ እቴጌ" ብላት ሄደች። አባቷ ጀርባውን ለሰው ሰጥቶ ተቀመጠ፣ ባርኔጣውን ግን አላወለቀም። አፉን ለመክፈት ግራው ይይዘዋል። ጥብሱ በድስቱ እየተንጫጫ መጣ።

"የሰኔ ጾም ዘንድሮ መቼ ነው የሚገባው?" አለ እጁን ሳይዘረጋ።

ምን እያሰበ እንደሆነ ገባት። "አንተ አትጾምም።"

"የኔ ዓይነት ሰው ሌላ ምን አለው አቻሜ? ያኛውን ሰምቶኛል። ተራውንም…"

"አንተ ትበላለህ። በልተህ ፊት ታወጣለህ፣ ያወጣኸውን ፊት ይለኩታል፣ እስኪደወልም ያንኑ ፊት ይዘህ ትጠብቃለህ። ሥራህ እሱ ነው።"

"ስእለቱስ? ማን ይጹም?"

"እኔ።"

አባቷ በቀኝ ፊቱ ሳቀ፤ እውነተኛ ሳቅ ነው፣ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። "አንቺ? በስቅለት ዕለት ማድ ቤት ቆመሽ ቋንጣ ስትቆረጥሚ የያዝኩሽ?"

"እኔ" አለች።

"ለነገሩ አሁን በዓለ ሃምሳ ነው፤ አይጾምም። እግዜርም አይቀበልሽ።"

"አልጾምኩም። አልራበኝም።"

ከጎናቸው ያሉት መካኒኮች ስለ ጎማ ዋጋ ይከራከራሉ፤ ሌላ ቀን ቢሆን ሁለቱም ይገቡበት ነበር። አባቷ እንጀራውን ቆረሰ፣ ከድስቱ ደህናውን፣ ቅቤ የጠጣውን መርጦ ጠቀለለና ወደ አፏ ዘረጋው። ከልጅነቷ ጀምሮ የዚህ እጅ ጉርሻ ሲመጣ አፏ ሳታዝዘው ነው የሚከፈተው። አፏን ገጠመች። ጉርሻው ከንፈሯ አጠገብ ቆየ፣ ቅቤው በጣቱ ላይ ወደ ክንዱ ወረደ፤ የአባት ጉርሻ አየር ላይ አይቆይም፣ ነውር ነው፣ ከመካኒኮቹ አንዱ ዞሮ አየ። አባቷ ዓይኗን ያያል፣ እሷም ዓይኑን። ብዙ ቆይቶ፣ በጣም ብዙ ቆይቶ፣ እጁን ወደ ራሱ መለሰና ጉርሻውን ጎረሰው። እያመመው ማኘክ ጀመረ። እስኪውጥ ጠብቃ ድስቱን ወደ እሱ ገፋችለት።